ጫፉን አታክርሩት

አዘዞ የምትኖረው አክስቴ ድራማ የምታየው እየፈተለች ነው። ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ እጇ እንዝርቱ ላይ። ባለፈው እሑድ አጠገቧ ተቀምጬ ልብ ብዬ አየኋት፤ የያዘችው ባዘቶ ሲያልቅ ጫፉን አላከረረችውም። ጥቂት ጥጥ እንደላላ ተወችና ቀጣዩን ባዘቶ እሱ ላይ አስነክሳ እንዝርቷን አሾረችው። የተቀጠለበት ቦታ በጣት ቢዳበስ እንኳ አይገኝም።

የምናየው ድራማ ቅጥያ ግን ከሩቅ ያስታውቃል። ተዋናዩ ሥራውን ሳይተው አልቀረም፤ ገጸ ባሕርዩ በመኪና አደጋ ሞተ የሚል ስልክ ተደወለ፣ ለቅሶ ሆነ፣ አለቀ። (በእኛ ድራማ መኪና የሚገለበጠው ደራሲ ሲጨንቀው ነው።) አክስቴ እንዝርቷን አቆመች። «ታዲያ ለእናቱ የጻፈው ደብዳቤስ፣ ልጄ?»

በደራሲው አልፈርድም። የመጀመሪያው ክፍል ሲተላለፍ ሃያኛው ገና አልተጻፈም። በመሀል ተዋናይ ውጭ አገር ይሄዳል፣ ተዋናይት ትወልዳለች፣ ስፖንሰር ይቀራል። ስለዚህ ከመነሻው ሁሉን ነገር ቆልፎ የሚጀምር ሰው ራሱን ነው የሚያስረው። ስሙ ብቻ የተነሳ ወንድም፣ ለምን እንደተኳረፉ ያልተነገረ ሁለት ጎረቤታሞች፣ እንዲህ ያለ ነገር ሳይከር ይቀመጥ። አንድ ቀን ያስፈልጋል።

የብሪታንያው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል የልቦለድ መርማሪው ሼርሎክ ሆምስ ቢሰለቸው በ1893 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ፏፏቴ ከቶ ገደለው። ነገር ግን ሲወድቅ ያየ ምስክር አልነበረም፤ አስከሬንም አልተገኘም። አስቦበት ይሁን ሳያስበው፣ በ1903 ሆምስን ከነሕይወቱ የመለሰው በዚያች ክፍተት ነው።

ደብዳቤው ግን ሌላ ነገር ነው። ካሜራው ፖስታው ላይ ቆሞ፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ «ምን ይሆን?» ካስባለን በኋላ ላላ ያለ ጫፍ መሆኑ ይቀራል፤ ዕዳ ነው። ለኋላ የሚተወው ጫፍ ተመልካች ልብ ያላለው፣ ደራሲው ግን ደብተሩ ላይ ያሰፈረው ሊሆን ይገባል። ያላሰፈረ እንደሆነ ውሉ የጠፋ ልቃቂት ታቅፎ ይቀራል።

ማስታወቂያ ሲጀመር አክስቴ ሌላ ባዘቶ አነሳች።

«ቆይ እስቲ» አለች፣ «ለቅሶውንስ አሳዩን። አስከሬኑን ማን አየ?»