ኧረ ኮንሶሊዴሽን ወለድ አይቀንስም!

አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ስቱደንት ሎን (የተማሪ ብድር) ያለበት ልጅ "ወለዱ አቃጠለኝ" ባለ ቁጥር "ኮንሶሊዴት አድርገው፣ ብድሮችህን ወደ አንድ ብድር ጠቅልላቸው፣ ይወርድልሃል" የሚል ሰው ከየት ነው የሚፈላው? ለቅሶ ቤት አለ፣ ሠርግ ላይ አለ፣ ቴሌግራም ላይማ ሞልቷል። አይወርድም!

ምክሩ ድሮ እውነት ነበር። በፈረንጆቹ ከጁላይ 1 ቀን 2006 በፊት የተሰጡ ስታፎርድ የሚባሉት የመንግሥት የተማሪ ብድሮች ወለዳቸው በየዓመቱ ይለዋወጥ ስለነበር፣ ዝቅ ባለበት ዓመት ኮንሶሊዴት ያደረገ ሰው እዚያው ላይ ቆለፈው። ከዚያ ወዲህ የተሰጠው ግን ሲወጣም የተቆለፈ ነው። ምኑ ይውረድ?

ስሌቱን እዩት። የየብድሩ ወለድ በብድሩ መጠን ተመዝኖ አማካዩ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ላይ፣ አዎ ወደ ላይ፣ ወደሚቀጥለው የ0.125 ፐርሰንት እርከን ይጠጋጋል። 10,000 ዶላር በ5.05፣ 20,000 ዶላር በ7.05 ፐርሰንት አለባችሁ እንበል። የዓመት ወለዱ 505 እና 1,410፣ በድምሩ 1,915 ዶላር ነው። አማካዩ 6.383 ይመጣል። 6.375ን ለጥቂት ስላለፈ 6.5 ላይ ይሰቀላል፤ ወለዱም 1,950 ዶላር ሆነ። "ይወርድልሃል" የተባለው 35 ዶላር ጨመረ ማለት ነው። ሳይከፈል የተጠራቀመ ወለድ ካለ ደግሞ ዋናው ብድር ላይ ይደመርና ወለድ ይወልዳል።

"ወርሃዊ ክፍያዬ ግን ቀነሰ" የሚል አይጠፋም። ዓመቱ ስለተለጠጠ ነዋ! 30,000 ዶላር በ6.5 ፐርሰንት ለ10 ዓመት ሲከፈል በወር ወደ 341 ዶላር፣ ወለዱ በጠቅላላው ወደ 10,900 ነው። 20 ዓመት ሲሆን በወር ወደ 224 ይወርድና ወለዱ ወደ 23,700 ይወጣል።

"እንደገና ኮንሶሊዴት ላድርገው" ማለት ደግሞ ሌላው ጉድ ነው። አንዴ የተጠቃለለ ብድር ብቻውን በድጋሚ አይጠቃለልም፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ሌላ የመንግሥት ብድር መጨመር አለበት። ያኔም ያው አማካይ ነው።

ስልክ እየደወሉ ለዚህ ብር የሚጠይቁትንማ ባላነሳ ይሻላል። ማመልከቻው ስቱደንትኤድ ዶት ጎቭ ላይ በነፃ ይሞላል። እዚያ የምትገቡበትን የኤፍኤስኤ (የመንግሥት የተማሪ ዕርዳታ ቢሮ) ፓስዎርዳችሁን ለማንም አትስጡ።

እውነት ወለድ በደንብ ሊቀንስ የሚችለው የግል ባንክ ሪፋይናንስ፣ ማለትም የድሮውን ብድር በአዲስ የባንክ ብድር መተካት፣ ነው፤ ያውም ክሬዲታችሁ ጥሩ ከሆነ። ግን የመንግሥት ብድርነቱ ያበቃል፤ መመለሻ የለውም። በገቢ ልክ መክፈል ይቀራል፤ ለትርፍ ባልቆመ ሆስፒታል ወይም በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚሠራ ከ120 ክፍያ በኋላ የሚመጣው ምህረትም አብሮ ይሄዳል። ለባንኩ ብድር ኮሳይነር (ዋስ) ሆኖ የፈረመው አጎትም ባለዕዳ ነው።

ኮንሶሊዴሽን ጥቅም የለውም አላልኩም። ከዲፎልት (ብድር ለረጅም ጊዜ ሳይከፈል ሲቀር ከሚገባበት) ያወጣል፣ የድሮ ኤፍኤፍኢኤል ብድርን (በመንግሥት ዋስትና ባንኮች ይሰጡት የነበረውን) መንግሥት በቀጥታ ወደሚሰጠው ዳይሬክት ሎን ይቀይራል። ወለድ ለመቀነስ ከሆነ ግን ኦቶ ፔይ (ክፍያው በየወሩ ከባንክ በራሱ እንዲቆረጥ) ሙሉ፤ በዳይሬክት ሎን ላይ 0.25 ፐርሰንት ይቀንሳል። ትርፍ ብር ስትከፍሉ ደግሞ "ወለዱ ከፍተኛ በሆነው ብድር ላይ ይግባ፣ ለሚቀጥለው ወር ክፍያ አይያዝ" ብላችሁ ለሰርቪሰሩ (ክፍያውን ለሚሰበስበው ድርጅት) በጽሑፍ አሳውቁ። ከላይ ባለው ምሳሌ 7.05ቱ ላይ ማለት ነው፤ ከተጠቃለለ በኋላ እሱን ለብቻው መምታት አይቻልም። ዝም ካላችሁ ብሩን በየብድሩ ሊበትኑት፣ ወይም ለቀጣዩ ወር ክፍያ ሊይዙት ይችላሉ፤ ስለዚህ በየወሩ ስቴትመንቱን ከፍታችሁ የየትኛው ዋና ብድር እንደቀነሰ እዩ።