ጌታውን ይዞ ለሚወጣው ለአቶ ሮኪ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአቶ ሮኪ
ጦሳ ሥር፣ ደሴ

ጉዳዩ፦ ጌታዎን እንዲያስተምሩልን ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበቱ? ጥያቄው ለወጉ ነው። ደህና መሆንዎንማ ትናንት ጠዋት የጎረቤቴን ቄብ ዶሮ እስከ አስፋልቱ ሲሸኟት አይቻለሁ።

ከሁሉ በፊት እንግባባ። እርስዎ ላይ ቂም የለኝም። ዘርዎ ግሬይሃውንድ የሚባል የአዳኝ ውሻ ነው አሉ። አያት ቅድመ አያቶችዎ ተመርጠው የተዳቀሉት ሩቅ ያለ የሚሮጥ ነገር በዓይናቸው ሲያዩ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ አዳኙን ከኋላ ጥለው እንዲፈተለኩ ነው። በሙሉ ጉልበትዎ ሲሮጡ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ዩሴን ቦልት እንኳ፣ ያ ሁሉ ዓለም ያጨበጨበለት ሰውዬ፣ ቢበዛ ቢበዛ 44 ነው የደረሰው። ጌታዎ ደግሞ ያቺን ዳገት ሦስቴ ቆመው ነው የሚወጧት፤ ግን ገመዱን ፈትተው አንገታቸው ላይ ይጠመጥሙና «ሮኪዬ፣ እንዳትርቅ እሺ?» ይሉዎታል። እርስዎም እሺ ያሉ ይመስላሉ። ከዚያ አንዲት በግ ጅራቷን ታወዛውዛለች፣ አለቀ።

ባለፈው ዓርብ ሐጂን ሲያገኟቸው እዚያው ነበርኩ። ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ወደ ጁምዓ እየቸኮሉ። እርስዎ ለሰላምታ ዘለሉ፤ ሁለት የጭቃ መዳፍ ደረታቸው ላይ፣ ምላስዎ እጅጌያቸው ላይ። ወሎ ያደገ ሰው፣ ክርስቲያንም ቢሆን፣ የውሻ ምራቅ የነካው ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል ሲባል ሰምቷል። ጌታዎ ግን ከመቶ ሜትር ርቀት «አብሽሩ ሐጂ፣ አይናከስም!» አሉ። ሐጂ እጅጌያቸውን እያዩ ምን አሉ መሰለዎ? «መች ነከሰኝ አልኩህ ልጄ፣ ጁምዓዬን ነው የነጠቀኝ።»

እና ደግሞ ያ ጥሪ! «ሮኪ ና! ና እኮ ነው የምልህ!» እርስዎ ኮረብታውን ካለፉ በኋላ። አንድ ነገር እየሸሸ ካዩ ጆሮዎ ሥራ እንደሚያቆም ያልተረዱት እሳቸው ብቻ ናቸው። የባሰው ደግሞ «ና» የሚሉዎት ወደ ቤት ሊወስዱዎ ሲሉ ብቻ መሆኑ። መጡ ማለት ጨዋታው ቀረ ማለት ነው። ዘግይተው ሲመጡ ደግሞ በጥፊ ይቀበሉዎታል። እኔም ብሆን አልመጣም ወላሂ።

ስለዚህ እባክዎ እርስዎ ያስተምሯቸው። ጌታዎ ከ10 እስከ 15 ሜትር የሚሆን ረጅም ገመድ ይግዙ፤ እሱም አንገትዎ ላይ ሳይሆን ደረትዎን አቅፎ በሚይዝ ማሰሪያ ላይ ይታሰር፣ በዚያ ፍጥነት ድንገት ሲይዝዎ አንገትዎ እንዳይጎዳ። ምንም ነገር በማያባርሩበት ሰዓት፣ ገና ቅርብ ሳሉ ይጥሩዎትና ሲመጡ ቁራጭ ሥጋ ሰጥተው መልሰው ይልቀቁዎት። እንደገና። ነገም እንደገና። ፈትተው መልቀቅ ካማራቸው ዙሪያው በደንብ የታጠረ ግቢ ይፈልጉ። ከብትና በግ የሚሰማራበት ሜዳ ላይ ግን፣ የቱንም ያህል ቢሠለጥኑ፣ ገመዱ አይፈታ። ሥጋው ውድ ነው ካሉ የሰው በግ ዋጋ ይጠይቁ።

ቅዳሜ ወደ ቦረና ሳይንት ፓርክ ሊወስዱዎ ነው የሚባለው እውነት ነው? «እዚያ ሰው ስለሌለ እንደ ልቡ ይሮጣል» ብለዋል አሉ። ሰው ባይኖርም ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ እዚህም ቢሆን ለአቅመ መውለድ የደረሱት ተቆጥረው 500 አይሞሉም። እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በአንድ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ጨርሷቸዋል። በሽታውን ያመጡባቸው የቤት ውሾች ናቸው፣ የእርስዎ ወገኖች ማለት ነው፣ ይቅርታ። ለመሆኑ እርስዎ ተከትበዋል? ጌታዎን ጠይቄያቸው «እሱ ጤነኛ ነው» አሉኝ። ክትባት የሚሰጠው ለጤነኛ ነው እኮ! ምልክቱ ከታየ በኋላማ ለውሻም ለሰውም መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ማንበብ እንደማይችሉ አውቃለሁ። ለጌታዎም በቃል ብዙ ጊዜ ነግሬያቸው ስላልሰሙኝ፣ ከሁለታችሁ የተሻለ ተስፋ ያየሁብዎት እርስዎ ላይ ነው። ቢያንስ እርስዎ ሥጋ ሲያዩ ይሰማሉ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሰፈርዎ እግረኛ

ግልባጭ፦
ለጌታዎ፣ ገመዱን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ለሚዞሩት
ለእንስሳት ሐኪሙ፣ መርፌውን ይዞ እንዲመጣ