እስክንድርያ የማን ነበረች?

በ1947 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እስክንድርያ ውስጥ አንድ ቁመተ አጭር ሽማግሌ ሞተ። (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ለምን የኛ እንደተለየ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።) ስሙ ቪቶሪዮ ኢማኑኤል ሣልሳዊ ነው። የጣሊያን ንጉሥ ነበር። ከ1936 ጀምሮ ደግሞ ለሰባት ዓመታት ያህል ራሱን «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ሲያስብል ነበር። በ1946 ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀና መርከብ ተሳፍሮ እስክንድርያ ወረደ። ሲሞትም እዚያው በቅድስት ካትሪን ካቴድራል ተቀበረ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ «ለምን እስክንድርያ?» የሚል ነበር። ነገሩ ግን አያስገርምም። ጣሊያኖች እዚያ በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። ትምህርት ቤት ነበራቸው፣ ሆስፒታል ነበራቸው። ግሪኮቹ ከነሱም ይበዙ ነበር። አርመኑ፣ ሶርያዊው፣ አይሁዱ፣ ማልታዊው ሁሉ እዚያ ነበር። በዚያ ላይ የሁለቱ ቤተ መንግሥታት ወዳጅነት የቆየ ነው። የግብፁ ገዢ ኢስማዒል በ1879 ከሥልጣን ሲባረር የተጠለለው ኔፕልስ ነበር። የጣሊያኑን ንጉሥ የተቀበለው የግብፁ ንጉሥ ፋሩቅ ደግሞ የኢስማዒል የልጅ ልጅ ነው። እሱም በተራው በ1952 ከእስክንድርያ ወደብ ተነሥቶ ወደ ጣሊያን ተሰደደ። ብድር በምድር።

እኛ እስክንድርያን በወደብነቷ አናውቃትም። ለኛ መንበረ ማርቆስ ናት። በአራተኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ የኛን አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም ላከው። ከዚያ ወዲህ 1600 ዓመት ገደማ አቡን የሚመጣልን ከግብፅ ነበር። የራሳችን ፓትርያርክ፣ አቡነ ባስልዮስ፣ የተሾሙት በ1959 ነው። የዘመን ቆጠራችንም የእስክንድርያ ነው። ከፈረንጆቹ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የምንቆጥረው የእስክንድርያ ሊቃውንት የክርስቶስን ልደት ያሰሉበትን ይዘን ስለቆየን ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ድሜጥሮስን ያውቀዋል፤ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ነበር።

የሚገርመው መንበሩ ራሱ ከተማዋን ለቆ ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነው። በ11ኛው መቶ ዘመን ወደ ካይሮ ተዛወረ፤ እስክንድርያ ላይ የቀረው ስሙ ነው። ከዚያ በኋላ አቡን ፍለጋ የሄዱት መልእክተኞቻችን ጉዳያቸው የሚያልቀው ካይሮ ነበር። ስሟን በየቅዳሴው እየጠራን ከተማዋን ሳናውቃት ቀረን።

ብሉይ ኪዳናችንም ከዚያች ወደብ ነው የመጣው። ወደ ግዕዝ የተመለሰው ሰብዓ ሊቃናት ወደ ግሪክ ከተረጎሙት መጽሐፍ ነው። ትርጉሙ ለምን አስፈለገ? ወጉ የሚያወራው መጽሐፉን ለቤተ መጻሕፍቱ ስለፈለገው ንጉሥ ነው። ከወጉ ሥር ያለው ግን የቤተሰብ ችግር ይመስለኛል። የእስክንድርያ አይሁድ ልጆች ግሪክኛ ብቻ እየተናገሩ አደጉ፣ ዕብራይስጡ ጠፋቸው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ የሚያሳድግ አበሻ ይህን ለማስረዳት ሊቅ አያስፈልገውም።

ከተማዋን በ331 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የቆረቆራት ታላቁ እስክንድር ነው። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም፤ ራቆቲስ የሚባል የግብፃውያን መንደር ነበረበት። አቀማመጡ ብልህነት አለው። አባይ ባሕር ሲገባ የሚተፋውን ደለል የባሕሩ ሞገድ ወደ ምሥራቅ ይገፋው ነበር። ከወንዙ አፍ በስተምሥራቅ ያለ ወደብ ቀስ በቀስ ይደፈን ነበር። እስክንድርያ ደግሞ በስተምዕራብ ተቀመጠች። ደለሉ በአብዛኛው የኛ ተራሮች አፈር ነበር፤ በዚህ በኩል ሳንደርስባት ቀርተናል። ከፊቷ ፋሮስ የምትባል ደሴት ማዕበሉን ትመክትላት ነበር፤ ከኋላዋ የማርዮት ሐይቅ በቦይ ከአባይ ያገናኛት ነበር። ያ ከመቶ ሜትር በላይ ይሆናል የሚባለው የመብራት ግንብ የቆመው ፋሮስ ላይ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ጣለውና በ1477 ሱልጣን ቃይትባይ በቦታው ምሽግ ሠራበት። ምሽጉ ዛሬም አለ።

ስለ እስክንድርያ የሚጻፈው ብዙ ነገር ናፍቆት ነው። «ሁሉም በፍቅር የኖረባት፣ አምስት ቋንቋ በአንድ ካፌ የሚሰማባት ከተማ» ይሏታል። ቋንቋው እውነት ነው። ፍቅሩ ላይ ግን እጠራጠራለሁ።

ጥርጣሬዬ ከሮማውያን ዘመን ይጀምራል። ያኔ በከተማዋ ሰው የሚለየው በግብር ነበር። የእስክንድርያ ዜጋ የሆነው ግሪክ የነፍስ ወከፍ ግብር አይከፍልም። ግብፃዊው በገዛ አገሩ ይከፍላል። አይሁዱ መሐል ላይ ነው፤ የራሱ ሸንጎ አለው፣ ዜግነቱ ግን አከራካሪ ነው። በ38 ዓ.ም. ግሪኮቹ በአይሁዶቹ ላይ ተነሡ፤ ቤት ተዘረፈ፣ ምኩራብ ረከሰ፣ ሰው ተገደለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቄሣር ቀላውዴዎስ ለከተማዋ ደብዳቤ ጻፈ። ግሪኮቹን አይሁዶቹን በሃይማኖታቸው እንዳይነኩ አዘዛቸው። አይሁዶቹን ደግሞ ከተማዋ የናንተ አይደለችምና ካላችሁ በላይ አትፈልጉ አላቸው። እዚያ ለትውልድ ለኖሩ ሰዎች ነው ይህን የሚላቸው! ከ115 እስከ 117 የተካሄደው የአይሁድ አመፅ ሲያበቃ ያ ገናና ማኅበረሰብ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል።

መሐሉን ልዝለለው። በ640ዎቹ ዓረቦች ያዟት፤ ዋና ከተማው ወደ ፉስጣጥ፣ ማለት ወደ ዛሬዋ ካይሮ ሄደ። በ1798 ናፖሊዮን ሲደርስ ያገኘው ፍርስራሽ መሐል የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ነው።

ሁለተኛው ዕድሜዋ የጥጥ ዘመን ነው። የግብፅ ገዢ መሐመድ ዓሊ በ1820 ያለቀውን የማሕሙዲያ ቦይ አስቆፈረና ከተማዋን እንደገና ከአባይ አገናኛት። ቦዩን በግዳጅ ሲቆፍሩ የሞቱት ገበሬዎች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። በ1860ዎቹ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ስትገባ የጥጥ ዋጋ ሰማይ ወጣ። ገንዘብ ያለበትን የማያሸት ነጋዴ የለምና ሁሉም ወደ እስክንድርያ ጎረፈ።

የመጣው ግን ከነሕጉ ነው። ካፒቱላሲዮን የሚባል ከቱርክ መንግሥት ጋር የተደረገ የቆየ ውል ነበረ። በዚህ ውል የውጭ ዜጋ በግብፅ ፍርድ ቤት አይከሰስም፤ የሚዳኘው የገዛ ቆንስሉ ነው። ከአብዛኛው ግብርም ነፃ ነው። ስለዚህ ከመሬትም ከወርቅም በላይ ዋናው ሀብት ፓስፖርት ሆነ። ባሕር ተሻግሮ የማያውቅ ሶርያዊና አይሁድ ሳይቀር የአንዱን አገር ቆንስል ጥበቃ ለማግኘት ይሯሯጥ ነበር። ማን ይፈርድበታል? እኛም ይህችን ነገር ቀምሰናታል። በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል ለፈረንሳይ ዜጎች ከኛ ዳኝነት የሚያስመልጥ መብት ሰጥቶ ነበር፤ ሌሎቹም «ለኛስ?» ብለው ተከተሉ።

ይህ ልዩነት ምን እንደሚያመጣ በሰኔ 1882 ታየ። አንድ ማልታዊና አንድ ግብፃዊ አህያ ነጂ በኪራይ ሒሳብ ተጣሉ። ማልታዊው የእንግሊዝ ተገዢ ነው። ጠቡ ወደ ግርግር ተለወጠ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ሞተ። ከወር በኋላ የእንግሊዝ መርከቦች ከተማዋን በመድፍ ደበደቡ፤ መሐል ከተማው ተቃጠለ። ከዚያም ግብፅን ያዙ፤ የመጨረሻው ወታደራቸው የወጣው በ1956 ነው። የአህያ ኪራይ ብቻውን ይህን አያመጣም። ከስንት ዓመት በፊት የተጠራቀመ ቂም ነው የፈነዳው።

የናፍቆት ጽሑፎቹ ውስጥ ግብፃዊውን ፈልጉት። አሳላፊ ነው፣ ዘበኛ ነው፣ ሞግዚት ነው። የውጭ ዜጋው በበዛበት ዘመን እንኳ አብዛኛው ነዋሪ እሱ ነበር። ግንበኛ ሆኖ የሠራው፣ የዛሬውን የግብፅ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰይድ ደርዊሽ በ1892 የተወለደው እዚያው ኮም ኤል ዲካ ሰፈር ነው። በኋላ የግብፅ መሪ የሆነው ናስርም የዚያው ልጅ ነው፤ በ1918 ባኮስ ሰፈር፣ ከፖስታ ቤት ሠራተኛ አባት ተወለደ። ሐምሌ 26 ቀን 1956 የስዊዝን ካናል መወረስ ያወጀው በመንሺያ አደባባይ፣ ከጥጥ ገበያው ሕንፃ ሰገነት ላይ ቆሞ ነው። ሰገነቱን የመረጠው ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ፍትሕ ብዬ አልጠራውም። ካናሉ በመወረሱ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና እስራኤል ግብፅን ከወጉበት የስዊዝ ጦርነት በኋላ እንግሊዞቹና ፈረንሳዮቹ ተባረሩ፤ አይሁዱ ንብረቱን እየጣለ ወጣ። ከሱም ብዙው የማንም አገር ዜግነት ያልነበረው ነው። በ1961 መንግሥት የግል ድርጅቶችን ሲወርስ ግሪኩና ጣሊያኑም ለቆ ሄደ። የቆንስል ዳኝነትን በአብዛኛው የተኩት፣ የውጭና የግብፅ ዳኞች አብረው የሚሠየሙባቸው ድብልቅ ፍርድ ቤቶች የተዘጉት በ1949 ነው፤ ሁሉም በአንድ ሕግ ሥር አብሮ ለመኖር ያገኘው ጊዜ ሰባት ዓመት ብቻ ሆነ። የጥጡን ሀብት የሰበሰቡት ገንዘባቸውን ቀድመው አሽሽተው ነበር። ጫማ ሰፊውና ዳቦ ጋጋሪው ናቸው ዕዳውን የከፈሉት። የበላው ሌላ፣ የከፈለው ሌላ።

«ናስር ነው እስክንድርያን የገደላት» የሚሉት ግማሹን ነው የሚናገሩት። ከዚያ በፊት ሰው ከነጎረቤቱ በአንድ ዳኛ ፊት የማይቆምባት ከተማ ሆና ለብዙ አሥርት ዓመታት ኖራለች።

ዛሬ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ግብፃዊ ነው። ነቢ ዳንኤል የሚባለው ጎዳና ላይ መስጊድ አለ፣ ምኩራብ አለ፣ እዚያው አጠገብ የኮፕቶች የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል አለ። ኤልያሁ ሃናቪ የተባለው ምኩራብ በመንግሥት ወጪ ታድሶ በ2020 ተከፈተ። በጣም ያምራል። ለጸሎት የሚያስፈልጉትን አሥር ወንዶች ከከተማዋ ማግኘት ግን አይቻልም።

የራምል ትራም መስመር የተጀመረው በ1863 ነው። የሰፈሮቹና የፌርማታዎቹ ስም እንዲህ ይላል፦ ሲዲ ጋብር፣ ሳን ስቴፋኖ፣ ዚዚኒያ፣ ሎራን፣ ጃናክሊስ። አንዱ የሙስሊም ቅዱስ ነው፤ ዚዚኒያ ግሪክ ነጋዴ፣ ሎራንና ጃናክሊስ ሲጋራ ፋብሪካ የነበራቸው ናቸው።

«ንጉሠ ነገሥታችን» በ2017 ታኅሣሥ ወር አጽሙ ከካቴድራሉ ወጥቶ በጣሊያን የጦር አውሮፕላን ወደ አገሩ ተወሰደ። ሲጋራ ሻጩ ጃናክሊስ ግን አሁንም እዚያው ሰፈር ነው።