ከአሥር ስድስት ያገኘች ልጅ ያልገባት ምንድን ነው?

ከአሜሪካ ጎንደር በገባሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠብቀኛል። «እዚያ ያሉ ልጆች በሒሳብ ከኛዎቹ ይበልጣሉ?» ዘመድ ይጠይቀኛል። ፒያሳ ቡና የምንጠጣ ጓደኞቼ ይጠይቁኛል። ልጃቸውን የግል ትምህርት ቤት ለማስተማር ደሞዛቸውን የሚያንጠፈጥፉት ደግሞ ጠበቅ አድርገው ይጠይቁኛል። ልጆቹ አይበልጡም። የሚለየው ልጁ ከተሳሳተ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ። ልጄ እዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል ናት። የእህቴ ልጅ ደግሞ ጎንደር ነች፣ እሷም በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ እሷም 3ኛ ክፍል። እኩዮች ናቸው፤ ስለዚህ ሳልፈልገውም አወዳድራቸዋለሁ።

ለጥምቀት ስገባ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። «አጎቴ፣ ማርኬን እይልኝ» አለችኝ። የመቀነስ ቴስት ነው፣ አሥር ጥያቄ። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ 6/10 ተጽፏል። እህቴ «ደህና ናት እኮ፣ ከግማሽ በላይ ነው» አለች። እኔ ኤክስ የተደረገባቸውን አራቱን ማየት ጀመርኩ። እንዲህ ይላሉ፦ 52 − 27 = 35። 61 − 48 = 27። 80 − 36 = 56። 73 − 19 = 66።

እስቲ ቀስ ብላችሁ እዩአቸው። አራቱም አንድ ስህተት ናቸው። ልጅቷ የላይኛው ቁጥር ሲያንስባት ገልብጣ ትቀንሳለች። ከ2 ላይ 7 አልነሳ ሲላት ከ7 ላይ 2 ታነሳለች። ከ1 ላይ 8 አልነሳ ሲላት ከ8 ላይ 1። አንድም ቦታ አልዘነጋችም፣ አንድም ቦታ በግምት አልጻፈችም። ራሷ ያወጣችውን ሕግ በሥርዓት ተከትላለች። ያገኘቻቸው ስድስቱ ደግሞ መበደር የማይጠይቁ ናቸው። እንግዲህ ይህች ልጅ መቀነስን 60 በመቶ ታውቃለች ማለት አይደለም። መበደር የሌለበትን ሙሉ በሙሉ ታውቃለች፤ መበደር ያለበትን ጭራሽ አልያዘችውም። ይህን ሁሉ ወረቀቱ ይናገራል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 6/10 ግን ምንም አይናገርም።

መምህሯን ልወቅስ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ከስድሳ በላይ ልጅ አለ። ስድሳ ወረቀት በአሥር ጥያቄ ስድስት መቶ መልስ ነው፣ ያውም በአንድ ትምህርት ዓይነት ብቻ። ታርማለች፣ ማርኩን ሮስተር ላይ ታሰፍራለች፣ መጽሐፉ ደግሞ ቀጣዩ ምዕራፍ ማባዛት ነው ይላል። ማባዛት ተጀመረ። መበደር ያልገባት ልጅ ሳይገባት አለፈች። ነገ ማካፈል ሲመጣ፣ ማካፈል ውስጥ መቀነስ አለና፣ እዚያ ትወድቃለች። ያን ጊዜ «ይቺ ልጅ ማካፈል አይገባትም» ይባላል።

ሜሪላንድ ያለው እንዴት ነው? የልጄ ትምህርት ቤት በዓመት ሦስት ጊዜ በኮምፒዩተር ይፈትናቸዋል። ፈተናው ልጁን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሲመልስ ከበድ ያለ ጥያቄ ይመጣለታል፣ ሲስት ቀለል ያለ። ስለዚህ ጎበዙም ደካማውም ግማሽ ያህሉን ይስታል፣ ታስቦ የተሠራውም እንደዚያ ነው። ልጄ መጀመሪያ ሰሞን እያለቀሰች ነበር የምትመጣው፣ ሁሉንም ካልመለስኩ እያለች። ውጤቱ ሲመጣ ግን ከስንት ስንት አገኘች አይልም። ቁጥርና ስሌት ላይ እዚህ ናት፣ ልኬት ላይ እዚህ፣ ጂኦሜትሪ ላይ እዚህ፣ ቀጥሎ መማር ያለባት ይህን ነው ይላል። ስንተኛ ወጣች የሚል ነገር የለውም።

ከኮምፒዩተሩ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ጥግ ላይ ያለችው ጠረጴዛ ናት። መምህሯ በየቀኑ አራት አምስት ልጅ ወደዚያች ጠረጴዛ ትጠራለች፣ አንድ ዓይነት ነገር የከበዳቸውን። ሌሎቹ በዚያ ሰዓት ለብቻቸው ይለማመዳሉ። እሷ ለእያንዳንዳቸው «እንዴት አድርገህ አገኘኸው?» ትላለች። መልሱ ልክ ቢሆንም ትጠይቃለች። ኅዳር ላይ ወላጅ ይጠራል፤ ስለ ልጄ ጠባይ ይነግሩኛል ብዬ ስሄድ የልጄን የሥራ ወረቀት አውጥታ የት ቦታ እንደምትደናቀፍ በጣቷ አሳየችኝ። ጎንደር ስማር «ወላጅ አምጣ» የሚባለው ተማሪ ሲረብሽ ነበር። መቀነስ አልቻለም ተብሎ ወላጅ የተጠራበት ልጅ አላስታውስም።

ይህን ሳወራ «አሜሪካማ ሁሉ ነገር ተሟልቷል» የሚል ሰው ይኖራል። አልተሟላም። እዚያ ያለው ጉድለት ሌላ ነው። በአገሪቱ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለ ልጅ በየዓመቱ በሒሳብና በንባብ እንዲፈተን ሕግ የወጣው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሕጉ በ2015 ቢተካም ፈተናው ቀርቷል ማለት አይደለም። ልጆቹ ፈተና ጠግበዋል። ልምምዱ ደግሞ ወደ ስክሪን ገብቷል። ልጁ ይጫናል፣ ከሳተ ሌላ ይጫናል፣ ኮከብ ይሰጠዋል። ሜሪላንድ የምትከተለው መመዘኛ ልጅ 3ኛ ክፍል ሲጨርስ የባለ አንድ አሃዝ ቁጥሮችን ብዜት ሁሉ በቃሉ እንዲያውቅ ያዛል። እኔ ግን 5ኛ ክፍል ሆነው 7 ጊዜ 8 ሲባሉ ጣታቸውን የሚቆጥሩ የጎረቤት ልጆች አውቃለሁ። አገራዊው የ4ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና በ2022 አምስት ነጥብ ወርዷል፣ ከ241 ወደ 236፤ «ብቁ» የሚባለው ደረጃ ላይ የደረሱት 36 በመቶ ነበሩ። ወረርሽኙ አንዱ ምክንያት ነው። ግን እሱ ብቻ አይደለም።

በዚህ ረገድ የእህቴ ልጅ ሜሪላንዶቹን ትበልጣቸዋለች። ደብተሯ ጀርባ ላይ የታተመውን የማባዣ ሠንጠረዥ ታንበለብለዋለች። ሰባት ጊዜ ስምንት ብዬ ሳልጨርስ ሃምሳ ስድስት ትለኛለች። ይህን ንቆ «ሽምደዳ» ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ማባዣ በቃሉ የሌለ ልጅ ትልቅ ጥያቄ ሲመጣበት አእምሮው በትንሹ ስሌት ይያዛል። ጎንደር ያለው ልምምድ ጠንካራ ነው። የጎደለው ተከትሎ የሚያይ ሰው ነው።

ፒያሳ ደግሞ ሌላ ልጅ አጋጠመኝ። ሶፍትና ቆሎ ይዞ የሚዞር፣ ጠዋት ተማሪ፣ ከሰዓት ሻጭ። ሦስት ቆሎ እያንዳንዱን በ15 ብር፣ አንድ ሶፍት በ20 ገዛሁትና 200 ብር ሰጠሁት። ዓይኑን ሳያሽ «መልስህ መቶ ሠላሳ አምስት» አለኝ። እንዴት አገኘኸው ስለው «ስልሳ አምስት ነው፣ አምስት ሲጨመር ሰባ፣ ሠላሳ ሲጨመር መቶ፣ ሌላ መቶ» አለ። እስክሪብቶ አውጥቼ ያንኑ በወረቀት ጻፍኩለት፦ 200 − 65። ጽፎ መለሰልኝ፦ 265። ከ0 ላይ 5 አልነሳ ሲለው 5፣ ከ0 ላይ 6 አልነሳ ሲለው 6፣ ከዚያ 2። «ከሰጠሁህ ብር በላይ ልትመልስልኝ ነው?» ስለው ሳቀና «እሱማ የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው» አለኝ።

ይሄ የጎንደር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብራዚል ሬሲፌ ከተማ ሦስት ተመራማሪዎች ገበያ ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆችን አጥንተው ውጤቱን በ1985 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ልጆቹ እየሸጡ ሲጠየቁ 98.2 በመቶውን በትክክል መለሱ። ያው ስሌት በወረቀት በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው ወደ 36.8 በመቶ ወረዱ። ጭንቅላቱ አለ። ክፍል ውስጥ ግን ማንም «አንተ ገበያ ላይ የምታደርገው መቀነስ ነው፣ ይሄም እሱው ነው» አላለውም።

ለዚህ መፍትሔ ውጭ አገር መሄድ የለብንም፣ ጎንደር ውስጥ አለ። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ያውቀዋል። ልጁ በስንደዶ ፊደሉን እየጠቆመ፣ ሌሎቹ ጮክ ብለው ሲያጠኑ፣ አንድ በአንድ የኔታ ፊት ይቀርባል። ሲሳሳት እዚያው ይታረማል፣ ያልያዘው ወደፊት አይሄድም። ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስጠናል። ልምምዱና ምዘናው አንድ ቦታ ነበሩ።

ባሕረ ሐሳብን ደግሞ ተመልከቱ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ። የ2018ን እናውጣው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት ሲደመር 2018፣ 7518። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፣ «አሐዱ አዕትት ለዘመን» ብለን አንድ ስናነሳ ወንበር 12። ወንበር በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲወሰድ) አበቅቴ 12። ወንበር በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው። ካልመጡ ተማሪው ራሱ ተሳስቻለሁ ብሎ ይመለሳል፣ ማንም ኤክስ ሳያደርግበት። በባዶ እግሩ የሚሄድ የቆሎ ተማሪ ቀሪ ያለውን ማካፈል በቃሉ ይሠራል፣ መልሱንም ራሱ ይፈትሻል። ያ ሶፍት ሻጭ ልጅ 265 ሲጽፍ የጎደለው ይህ መፈተሽ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን በወረቀት ይዟል። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና ይል ነበር። መሬት ላይ ሲደርስ ግን ተከታታይ ምዘና ማለት ተከታታይ ማርክ ሆነ፦ ቴስት፣ የቤት ሥራ፣ ክላስወርክ፣ ተደምሮ መቶ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ለረጅም ዓመታት ነፃ ዝውውር ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሕፃን ልጅ መውደቅ የለበትም። ነገር ግን ማንም እየተከታተለ ካልደገፈው ልጁ ያልገባውን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ሲባል አገር ይጮኻል። እኔን የሚያስጮኸኝ የ3ኛ ክፍሉ 52 − 27 ነው። እዚያ ላይ ማንም አልጮኸም።

በዚያ ላይ መጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤት ዘጋ፣ ቀጥሎ ክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት ብዙ ልጅ ከክፍል ወጣ። ልጆቹ ሲመለሱ በዕድሜ ተመድበው ይቀመጣሉ። አንድ 4ኛ ክፍል ውስጥ የሚያካፍልም፣ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ማንበብ ያልቻለም ጎን ለጎን ተቀምጧል። ለሁለቱም አንድ ቴስት ሰጥቶ አንደኛና ሃምሳኛ ማለት ምን ይጠቅማል?

በየጥምቀቱ ከዳያስፖራ ወገኖቼ ጋር ስንገናኝ ትምህርት ቤት እንርዳ ይባላል። ወዲያው ታብሌት፣ ኮምፒዩተር፣ ፕሮጀክተር ይነሳል። ልባችን መልካም ነው፣ ግን መብራት በሚጠፋበት ክፍል ታብሌቱ የሚያርፈው ዳይሬክተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት ለዓመታት የሠራበት መንገድ አለ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከ1 እስከ 9 ቁጥር ማንበብ፣ ከ11 እስከ 99 ማንበብ፣ መበደር ያለበት መቀነስ፣ ባለ ሦስት አሃዝን ለአንድ አሃዝ ማካፈል። ከልጁ ጋር ለብቻ ቁጭ ብሎ መጠየቅ፣ የት እንደቆመ ማወቅ፣ አለቀ። ከዚያ ልጆቹ በቀን ለተወሰነ ሰዓት በክፍላቸው ሳይሆን በደረጃቸው ይቀመጡና ያ የጎደላቸው ነገር ይሠራበታል። ውጤቱ በተደጋጋሚ ተጠንቶ ታይቷል።

ጎንደር ይህን ማድረግ ትችላለች። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ልምምድ የሚወጡ እጩ መምህራን አሏት። ሒሳቡን እንሥራው። ስድሳ ልጅ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ፣ 300 ደቂቃ። ለአንድ መምህር አምስት ሰዓት ነው፣ ከባድ ነው። አሥር እጩ መምህራን አንድ ጠዋት ቢመጡ ግን ግማሽ ሰዓት ነው። ወረቀቱ በዓመት ሦስት ጊዜ ቢደረግ 180 ገጽ፣ ግማሽ እሽግ ወረቀት እንኳን አይሞላም። የወረቀቱ፣ የፎቶ ኮፒው፣ የእጩ መምህራኑ መጓጓዣ ሁሉ ተደምሮ አንድ ታብሌት አይገዛም። እኔ ለአንድ ትምህርት ቤት የአንድ ዓመቱን እሸፍናለሁ ብዬ ለእህቴ ነግሬያታለሁ፤ እሷም ዳይሬክተሩን አነጋግራ ከፋሲካ በኋላ በ3ኛ ክፍሎቹ እንጀምር ብለዋታል።