ይድረስ ለ«ፈቃድ አያስፈልግም» ባዩ ዛፍ ቆራጭ

የተከበሩ ባለመጋዝ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሚጀምረው የሞተር መጋዝዎ ጩኸት በስተቀር ደህና ነን። በየበሩ ስንጥቅ የሚሸጉጧት በራሪ ወረቀትም ደርሳናለች፤ ስልክ ቁጥር አላት፣ ስም የላትም። «ምን ፈቃድ አለው! ትናንት አርሊንግተን እንዲህ ያለውን ጥለናል» ማለትዎንም ሰምተናል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

የአርሊንግተኑስ እውነትዎን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲ ግዛቱ ያልሰጠውን ሥልጣን ከየትም አያመጣም። እዚያ ዛፍ ስለወፈረ ብቻ አይከበርም፤ ቅርስ ወይም ልዩ ተብሎ አንድ በአንድ በካውንቲው ደንብ መሰየም አለበት። ያልተሰየመ የጓሮ ኦክ፣ ግቢው ጥበቃ ያለበት የወንዝ ዳር ካልሆነ ወይም ግንባታ ካልተጀመረ፣ ጌታው ባለቤቱ ነው። የተሰየመውን ለጣለ እንኳ ቅጣቱ ቢበዛ 2,500 ዶላር ነው።

እርስዎ ግን ድልድዩን ተሻግረው ዋሽንግተን ዲሲ ይገባሉ፤ ያው መጋዝ፣ ያው ምላስ። ዲሲ ዙሪያው 44 ኢንች የሞላ ዛፍ «ልዩ» ነው። ጤነኛውን ለመቁረጥ ፈቃድ አውጥቶ ለእያንዳንዱ ኢንች 55 ዶላር መክፈል ወይም በምትኩ ችግኝ መትከል ግድ ነው። ሙልበሪና ኖርዌይ ሜፕል ከክፍያው ነጻ ናቸው፣ ከፈቃዱ ግን አይደሉም። 100 ኢንች የሞላው ደግሞ ከ2016ቱ ሕግ ወዲህ «ቅርስ» ሆኗል፤ አደገኛ ካልሆነ በገንዘብም አይወድቅም።

አለካክዎንማ ምን ብለን እናመስግነው! ሜትሩን ግንዱ ፊት ለፊት አጋድመው «20 ኢንች! ከ44 ግማሽም አልሞላም» ይላሉ። ጌታዬ፣ የለኩት ዲያሜትሩን ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ዙሪያውን፣ እሱንም ከመሬት 4 ጫማ ተኩል ከፍታ ላይ፣ ማለትም 1 ሜትር ከ37 ላይ ነው። ሜትሩ ግንዱን ቀጥ ብሎ ይክበበው፤ ከዘመመ ይጨምራል። ሐረግ ካለም ሜትሩን ከሐረጉ ሥር ያሳልፉት፣ አለዚያ ቅጠሉን ነው የለኩት። ያን 20 በ3.14 ያባዙት፦ ወደ 63 ኢንች ነው። በፈቃድ 3,465 ዶላር፣ ያለ ፈቃድ ደግሞ በኢንች ቢያንስ 300፣ ያው 18,900። የቅጣቱ ደብዳቤ ሲመጣ የበራሪዋ ስልክ እንደማይነሳ አንጠራጠርም።

ኢስተርን አቬኑ ላይ ሲደርሱ ደግሞ እግርዎን ይጠብቁ። በአንዱ ጠርዝ ታኮማ ዲሲ ነው፣ በሌላው ታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ። ዙሪያው 30 ኢንች የሆነ ዛፍ ዲሲ በኩል በግል ግቢ ከቆመ ማንም አይጠይቅዎትም። መንገዱን ከተሻገረ ግን ተይዘዋል፤ የታኮማ ፓርክ ፈቃድ የሚጀምረው ከ24 ኢንች ነው፣ በዲያሜትር 8 እንኳ አይሞላም፤ የቡና ሲኒ ረከቦት የማያክል! ትንሽ ወጣ ብለው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲገቡ ሕጉ መልሶ ይላላል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የግል ጓሮ ዛፍ ላይ የሚመጣው በአብዛኛው ግንባታ ሲኖር ነው፤ መንገድ ዳር ያለው ግን ያለ ፈቃድ አይነካም። በአንድ ቀን ጠዋት፣ በአንድ ፒክአፕ፣ አራት ሕግ።

ማስታወሻ፦ «እንግዲያው ጫፉን ብቻ ልከርክመው» እንደሚሉ እናውቃለን። የዲሲ ሕግ የልዩ ዛፍን አናት መቁረጥንም፣ ልጡን ዙሪያውን መላጥንም ከመጣል እኩል ይቆጥረዋል። መሰላሉን ከማቆምዎ በፊት የሚቆርጡበትን አድራሻ ያንብቡ፤ ዚፕ ኮዱንም ጭምር።

በአክብሮት፣
ጥላው ሥር መኪና የምናቆም ጎረቤቶች