የክፍል ድረ ገጽ ለሰሜን ሸዋ ተማሪ፦ ይሠራ ወይስ ይቅር?

የክርክሩ ጭብጥ፦ የሰሜን ሸዋ መምህራንና ተማሪዎች ለክፍላቸው የሚሆን ቀላል ድረ ገጽ ራሳቸው እንዲሠሩ በክረምት ሥልጠና መርዳት ይገባል ወይስ አይገባም? «ይገባል» የምትለው ደብረ ብርሃን የምታስተምር የአይሲቲ መምህርት ናት። «አይገባም» የሚሉት መንዝ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሒሳብ ያስተማሩ መምህር ናቸው።

መምህርቷ

ድረ ገጽ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው የባንክ ወይም የዩኒቨርሲቲ ገጽ ነው፤ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ ባለሙያ የተቀጠረለት። እኔ የማወራው ስለዚያ አይደለም። ኖትፓድ ይከፈታል፣ ርእስ ይጻፋል፣ ሁለት ሦስት አንቀጽ ይጨመራል፣ አንድ ፎቶ ይገባል፣ ፋይሉ ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቋንቋ በኤችቲኤምኤል ይቀመጥና በብሮውዘር ይከፈታል። አለቀ። ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ክፍያ የለውም። የድረ ገጽ ፈልሳፊው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ የከፈተው የመጀመሪያው ድረ ገጽም ጽሑፍና ማገናኛ ብቻ ነበር። ይሠራበት የነበረው የአውሮፓ የምርምር ተቋም ሰርን ደግሞ በ1993 ቴክኖሎጂውን ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ስለዚህ «ከአቅማችን በላይ ነው» የሚለው ሰበብ ከመነሻው አያስኬድም።

አሁን ያለውን ልንገራችሁ። በሁለተኛ ደረጃ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ውስጥ የድረ ገጽ አሠራር አለ፤ የሚሰጠው ግን በጠመኔ ነው። ተማሪው ኤችቲኤምኤል የምን ምህፃረ ቃል እንደሆነ በቃሉ ይይዛል፣ ፈተና ላይ «ሐ»ን ያከብባል፣ ይረሳዋል። በገዛ እጁ የጻፈው ርእስ ስክሪን ላይ ደምቆ ሲወጣ ሳያይ 12ኛን ይጨርሳል።

የሚጻፍ ነገር ደግሞ አላጣንም። የመንዝ ልጅ እናቱ የበግ ፀጉር ስትፈትል እያየ ነው ያደገው። ፀጉሩ ከሚሸለትበት አንሥቶ ባና ሆኖ ትከሻ ላይ እስኪወጣ ያለውን ሥራ ደረጃ በደረጃ ጽፎ በፎቶ ቢያስደግፈው አማርኛም ነው፣ ሳይንስም ነው። ጓሳ የሚባለው የመንዝ የሣር ምድር አለ። ሳሩ ለዓመታት ተከልሎ መቼ እንደሚታጨድ የሚወሰንበትን የቀሮ ሥርዓት የሚያውቁ አባቶች አሉ፤ ልጆቹ ሄደው ይጠይቁና ይጻፉት። ስለ ጭላዳውና ስለ ቀይ ቀበሮው እስካሁን የተጻፈው አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጸሐፊዎቹም መጥተው የተመለሱ እንግዶች ናቸው።

መምህሩ

እህቴ፣ አነጋገርሽ ያማልላል። እንዲህ ያለ ንግግር ግን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ ሲመጣም «የከተማና የገጠር ልዩነት ጠፋ» ተብሎልን ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ቅድም ተቀርጾ ይመጣል። መምህሩ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ተማሪው ያልገባው ነገር ቢኖር ስክሪኑ አይጠብቀውም፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ያ ክፍል አለፈ፣ አይመለስም። እኔ ባስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ዛሬ የቀረው የብረት ሳጥኑ ነው። ከጠመኔ ማስቀመጫነት ያለፈ አገልግሎት ሲሰጥ አላየሁም።

ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተል የሚባል ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔ 9ኛ ክፍል ለማስተማር ስገባ ክፍልፋይ መደመር የሚያቅተው ልጅ እያገኘሁ ክረምቱን ለድረ ገጽ ስጡ ስባል ምን ልበል? ያ ክረምት ለማካካሻ ትምህርት ቢውል አይሻልም?

ሦስተኛ፣ ማስታወሻና መልመጃ ማድረስ ከሆነ ዓላማው ቴሌግራም አለ። በ2012 ትምህርት ቤት በኮሮና ሲዘጋ ያወጣን እሱ ነው። በሰሌዳ የሠራሁትን በስልኬ አነሣለሁ፣ እልካለሁ፣ ደረሰ። አዲሱ ነገር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

የልጆችንም ነገር አንርሳ። የክፍል ገጽ ሲባል መጀመሪያ የሚገባው የተማሪዎች ፎቶና ሙሉ ስም፣ ከዚያም የውጤት ደረጃ ነው፤ ጠባያችንን አውቃለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እንኳ ወላጅ ሳይጠየቅ የልጅ ፎቶ የሚለጥፍ ብዙ ነው። ባለንበት ጊዜ አንድ ልጅ የት እንደሚማር ለማያውቁት ሰዎች ማሳየት ቀልድ አይደለም።

መምህርቷ

ጋሼ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ አንከራከርም። ስም አይገባም፣ ፊት አይገባም፣ ውጤት ጭራሽ አይገባም። የባናው ገጽ የፈታይዋን እጅ እንጂ የልጁን ፊት አይፈልግም። ይህ የሥልጠናው የመጀመሪያ ሰዓት ትምህርት ነው።

ፕላዝማውን እንዳነሡልኝ ግን ደስ ብሎኛል። ፕላዝማው የከሸፈው ያለቀለት ነገር ስለነበረ ነው። እርስዎ ከመሐሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ማረም ይችሉ ነበር? ልጁ «ይቺ ምሳሌ ከእኛ አገር ትሁን» ብሎ መቀየር ይችል ነበር? እኔ የምለው ገጽ ውስጡ ክፍት ነው። ስሕተት ያየ ልጅ ፋይሉን ከፍቶ ያስተካክላል፤ ካበላሸው ደግሞ ምን እንዳበላሸ ራሱ ያየዋል።

ስለ ቴሌግራም። መስከረም ላይ የላኩትን ማስታወሻ የካቲት ላይ ፈልጎ ያገኘ ተማሪ ካለ ይንገሩኝ። ከሥሩ የበዓል ምኞት፣ የኳስ ውጤት፣ «ቲቸር ነገ ፈተና አለ?» የሚል መዓት ተደርድሮበታል። ከዚያም በላይ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የክልላችን ሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ሲቆይ ቴሌግራሙስ የት ነበር? በፍላሽ የተቀመጠ የክፍል ገጽ ቢኖረን ኖሮ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይዞር ነበር። አሮጌ ዋይፋይ ራውተር ቢገኝ ደግሞ ኢንተርኔት ባይኖረውም አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር፣ ማለትም ገጹን አዳይ፣ አድርጎ በግቢው ውስጥ ላለ ስልክ ሁሉ ገጹን መስጠት ይቻላል።

ሥልጠናው ለምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ በደንብ ላስረዳ፤ ችግሩ ሰው እንደሚያስበው «ኮዱ ከባድ ነው» አይደለም። የሚጥሉን ትንንሽ ነገሮች ናቸው። መምህሩ ፋይሉን አስቀምጦ ሲከፍተው ገጽ አይሆንለትም፣ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይመጣል። ለምን? ዊንዶውስ የስሙን ጅራት ደብቆ «ቲኤክስቲ» የሚል ጨምሮበታል። ይህን ሲሻገር አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይደረደራል። በድሮው ዊንዶውስ ኖትፓድ ሲያስቀምጥ ኢንኮዲንግ (ፊደሉ በምን ኮድ እንደሚቀመጥ) የምትለዋን ሳጥን ራሳችን የግዕዝ ፊደልን የሚይዘውን ዩቲኤፍ-8 ካላልናት ፊደላችንን አይዝም፤ ያስጠነቅቃል፣ እኛ «እሺ» ብለን እናልፋለን፣ ጽሑፉ ጠፋ።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ ፓወር ግዕዝ። የየትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ለዓመታት ፈተና የጻፈችው በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ነው። ወረቀት ላይ ሲታተም የሚያምር አማርኛ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ አልብሶት ነው አማርኛ የሚመስለው። ገልብጠው ገጽ ላይ ሲለጥፉት ልብሱ ይወልቅና ትርጉም የለሽ ዝባዝንኬ ይቀራል። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እኛ ጋ ግን ዛሬም ድረስ የድሮው ፎንትና ዩኒኮድ ተቀላቅለው ይኖራሉ። መምህሩ ይህን ብቻ አውቆ ቢሄድ የትምህርት ቤቱን የፈተና ማኅደር ከመጥፋት አዳነ ማለት ነው። ለእኔ ከገጹ በላይ ይህ ይበቃኛል።

መምህሩ

የፓወር ግዕዙን ነገር ተቀብያለሁ፤ እሱን ለማስተማር ግን ግማሽ ቀን ይበቃል፣ ክረምት አይፈልግም።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ፋይሉ በፍላሽ ይዞራል ብለሻል። አብዛኛው ልጅ ያለው፣ እሱም ካለው፣ የወንድሙ ስልክ ነው። ፋይሉን በፋይል መላኪያው በዜንደር ስልክ ላይ ልከን ስንከፍተው ጽሑፉ ይመጣል፣ ፎቶዎቹ ግን ባዶ ሳጥን ይሆናሉ። በዓይኔ ያየሁት ነው። እንግዲህ ያ ባና በባዶ ሳጥን ሊታይ ነው?

ሌላው፣ እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው። ክፍልፋይና ስኩዌር ሩት በኖትፓድ እንዴት ነው የሚጻፈው?

መምህርቷ

ስልኩ እውነት ነው። አንድሮይድ ፋይሉን ከፋይል ማኔጀር ሲከፍተው አጠገቡ ያለውን የፎቶ ፎልደር አያይም። በራውተሩ በኩል ሲገቡ ግን ፎቶው ይታያል፤ ገጹን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ መላክም ይቻላል። ተመሳሳይ ጣጣ ኮምፒውተር ላይም አለ፦ ልጆቹ የፎቶውን አድራሻ ከነ«ሲ ድራይቭ»ነቱ ይጽፉና ሌላ ማሽን ላይ ይጠፋል። ፎቶውና ገጹ አንድ ፎልደር ውስጥ ሆነው የፋይሉ ስም ብቻ ከተጻፈ ይድናል።

ሒሳቡ ላይ ያዙኝ። ሒሳብን ገጽ ላይ ለመጻፍ ማዝኤምኤል የሚባል መንገድ አለ፣ ግን ክሮም የሚባለው ብሮውዘር በአግባቡ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ የእኛ ክፍሎች ብሮውዘር ከዚያ ይቀድማል። ስለዚህ ለጊዜው በሰሌዳ በጥራት ጽፎ ፎቶ ማንሣት ነው የሚሻለው፤ የስልኩን 3 እና 4 ሜጋባይት ፎቶ ወደ 100 ኪሎባይት አሳንሶ ማስገባት ነው።

መምህሩ

አየሽ፣ ዞረሽ ዞረሽ እኔ በስልኬ የማነሣት ፎቶ ላይ መጣሽ!

መምህርቷ

መጣሁ፣ ግን ከሥሯ ርእስ አላት፣ ምዕራፍ አላት፣ ከመልመጃዋ ወደ መልሷ የሚወስድ ማገናኛ አላት። ማገናኛውን የሠራው ደግሞ ያ ክፍልፋይ ያቃተው ልጅ ነው፤ ሊሠራው ሲቀመጥ የትኛው ጥያቄ ከየትኛው መልስ ጋር እንደሚሄድ ማወቅ ነበረበት። ማካካሻ ያሉት ትምህርት እዚያው ውስጥ ይገባል። 60 ልጅ አንድ ኮምፒውተር ላይ አይቀመጥም፤ ገጹ መጀመሪያ በደብተር ይነደፋል፣ በቡድን አምስት ስድስት ሆነው ተራ ይዘው ይጽፋሉ።

መምህሩ

ተራውን የሚያስይዘው ማነው? እኔ ጋ የአይሲቲ ክፍሉ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ነው። እሱ ሥልጠና ሄደ፣ ተቆለፈ፤ ተዛወረ፣ ክፍሉም አብሮት ተዛወረ ማለት ነው። አንቺ የምታሠለጥኚው መምህር በሁለተኛው ዓመት ዝውውር ቢሞላስ? እኔ ይህን ሥልጠና የምደግፈው ከየትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ብቻ ሳይሆን ሁለት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች አብረው ሲሠለጥኑ፣ ርእሰ መምህሩም የቁልፉን ቅጂ ለሁለተኛ ሰው ለመስጠት በደብዳቤ ሲፈርም ነው። ደብዳቤው ከሌለ ክረምቱን ለሒሳብ ስጡኝ።

መምህርቷ

ተማሪዎቹን እኔም ከ9ኛ ነው የምፈልገው፤ የ12ኛ ልጅ በዓመቱ ይሄዳል። ደብዳቤውን ግን እኔ ማስፈረም አልችልም፣ ጋሼ። ርእሰ መምህሮቹ እርስዎን ያፍራሉ፣ እኔን አያፍሩም።