ሕጉ አለ፤ ደረጃውን ማን ያውጣት?

ሕግማ ሞልቶናል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከወጣ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በ2002 ዓ.ም. አጽድቀናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በአንቀጽ 36፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስም ሆነ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚመች መግቢያና መጸዳጃ ቤት እንዲኖረው ደንግጓል። ታዲያ ሰሜን ሸዋ ላይ ይህ ሕግ የት ነው የሚቆመው? እኔ ያየሁት ከመጀመሪያው ደረጃ ሥር ቆሞ ነው።

የአክስቴ ልጅ በሕፃንነቷ ልምሻ መትቷት በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ እየሰፋች ራሷን ችላ ትኖራለች። ለእረፍት በሄድኩበት ጊዜ ለሥራዋ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አብሬያት ሄድኩ። ሕንፃው አዲስ ነው። የዊልቸር መወጣጫም ተሠርቶለታል፤ ነገር ግን ሽቅብ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጤነኛ ሰው እንኳ እየተንደረደረ ካልሆነ አይወጣውም፤ ከሥሩ ደግሞ ክዳን የሌለው የጎርፍ ቦይ አለ። የምትፈልገው ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሊፍቱ ቦታ ክፍት ተትቷል፤ ሊፍቱ አልተገጠመም።

ጥበቃው ሲያያት ሮጦ መጣ። "አይዞሽ እህቴ፣ እኛ እያለን!" ብሎ ሁለት ጎረምሶች ጠራና ከነወንበሯ አነሷት። እሷ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ቀሚሷ እንዳይገለጥ ነው። ላይ ስንደርስ ሠራተኛዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና "አንድ ፎቶ ኮፒ ይጎድላል፣ ነገ ተመለሺ" አለች። ለሌላው ባለጉዳይ ይህ የአንድ ቀን መጉላላት ነው። ለእሷ ግን እንደገና ባጃጅ በኮንትራት፣ እንደገና የሰው ትከሻ ነው። ስንመለስ እንዲህ አለችኝ፦ "ወንድም ጋሼ፣ የእኛ ሰው ደግ ነው። እኔ ግን በየደረጃው ደግ ሰው መለመን ሰለቸኝ።"

እኔ የምኖርበት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለው ሰው ከእኛ ሰው ይልቅ ደግ ሆኖ አይደለም። አውቶቡስ ሲቆም ሹፌሩ መወጣጫውን ያወርዳል፣ ዊልቸሩን በቀበቶ ያስራል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። "ምስኪን" የሚል የለም፤ የሚመርቅም የለም። መወጣጫው ባይሠራ ግን አቤት የሚባልበት ቦታ አለ፤ ተከስሶ የሚጠየቅ አካል አለ። የሕንፃ መወጣጫ እንዴት እንደሚሠራም መለኪያው ተቀምጧል፦ 1 ሜትር ከፍ ለማለት ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት። የደብረ ብርሃኑን መወጣጫ የሠራው ሰው ይህን ቢጠየቅ ኖሮ እንዲያ አድርጎ ባልሠራው።

ይህም በችሮታ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1990 ወደ 60 የሚሆኑ አካል ጉዳተኞች ዊልቸራቸውንና ክራንቻቸውን ትተው የአሜሪካን ምክር ቤት ደረጃ በክርናቸው እየተሳቡ ወጡ። ከእነሱ አንዷ የ8 ዓመቷ ጄኒፈር ኪላን ነበረች። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተፈረመ።

አሜሪካንም ገነት አላደርጋትም። ለድሃ አካል ጉዳተኛ ድጎማ ይሰጣሉ፤ ሆኖም ተቀባዩ ከ2,000 ዶላር በላይ ጥሪት እንዳይኖረው የሚከለክለው ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ከፍ አላለም። መቆጠብ ያስቀጣል ማለት ነው። በስትሮክ ከቤት የዋለች ያገሬ ሴት መወጣጫ ባለው አፓርትመንት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳታይ ስትውልም አይቻለሁ፤ መንዝ ብትሆን ቡና ያለ እሷ አይፈላም ነበር። ያም ሆኖ የጎረቤት ፍቅር የመንግሥትን ግዴታ አይተካም።

የሚያንገበግበኝ ሌላም አለ። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከመቶ 1 ገደማ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከመቶ 16 ነው ይላል። ከጓዳ ያልወጣውን ማን ቆጠረው? ባልተቆጠረ ሰው ስም በጀት አይያዝም። በዚህ ላይ ባለፉት ዓመታት በአጣዬና በሸዋ ሮቢት በኩል በደረሰው ግጭትና ጦርነት የተጎዱ ወገኖች አሉ። መሐል ሜዳ ገጠር ውስጥ ድንጋያማ መንገድ ላይ ያለ ሰውማ ሊፍት አይደለም የሚያስፈልገው፤ አገልግሎት የሚሰጠው ባለሙያ ራሱ ቤቱ ድረስ መሄድ አለበት።

ዞኑና ከተማው ገንዘብ ሳይጠይቁ ዛሬውኑ ማድረግ የሚችሉት ነገር አለ። አካል ጉዳተኛ የሚገለገልበትን ቢሮ ወደ ምድር ቤት ማውረድ። ለአዲስ ሕንፃ የመጠቀሚያ ፈቃድ ከመስጠት በፊት ከከተማው አካል ጉዳተኞች አንዱን ጠርቶ "እስቲ ግባና ውጣበት" ማለት፤ ካልገባ ፈቃዱን መከልከል። ይህ እኛንም ውጭ ያለነውን ይመለከታል። ገንዘብ አዋጥተን የምናሠራው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ፣ ለራሳችን የምንገነባው ሆቴል ሳይቀር መግቢያው ሁሉ ደረጃ ነው። ወደፊት መዋጮ ስንጠየቅ በመጀመሪያ ፕላኑን እናስመጣ፤ መወጣጫውና መጸዳጃው ካልተሣለበት እስኪሣል ገንዘቡን አንልቀቅ።